ዘመኑ ያለቀ የሕይወት ኢንሹራንስ ገንዘብ ለመቀበል፦ የመታወቂያ ወረቀት ከማኅተም በፊትና በኋላ (ከድሬዳዋ)

የእማዬ የሕይወት ኢንሹራንስ በ2017 ግንቦት ላይ 20 ዓመቱን ሞላ። በ1997 አስተማሪ ሳለች ነው የገባችው። በየወሩ ከደሞዟ ይቆረጥ ነበር። እኛ ቤት «ያቺ ኢንሹራንስ» ነው ስሟ። ስንቱን ክፉ ቀን ሳትነካ አልፋለች። ቀኑ ሲደርስ ሄደን፣ ፈርመን፣ ገንዘባችንን ይዘን የምንመለስ መስሎን ነበር።

አቦ! ሦስት ወር ተመላለስን።

ገንዘቡ ጠፍቶ አይደለም። አንከፍልም ያለንም የለም። የእማዬ ስም በአራት ወረቀት ላይ በሦስት ዓይነት ተጽፎ ተገኘ። የልደት ቀኗማ የራሱ ታሪክ አለው፤ እመጣበታለሁ። እኛ ደግሞ ሥራውን ከጅራቱ ነበር የጀመርነው። መታወቂያዋን ኮፒ አድርገን ማኅተም ለማስመታት ሮጥን። ማኅተም የመጨረሻው ሥራ መሆኑ የገባን ሁለት ጊዜ ካስመታን በኋላ ነው። እናንተ እንዳትደግሙት በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

ለማያውቅ ሰው፦ እንዲህ ዓይነቱ ውል ሁለት ነገር በአንድ ላይ ነው። ባለ ውሉ በመሃል ቢሞት ለተጠቃሚው ይከፈላል። ዘመኑ እስኪያልቅ በሕይወት ካለ ደግሞ ለራሱ ይከፈለዋል። ስለዚህ ድርጅቱ ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። ያኔ የፈረመችው ሴትና ዛሬ መስኮቱ ጋ የቆመችው ሴት አንድ ናቸው ወይ? የመታወቂያው ጣጣ በሙሉ ከዚህች ጥያቄ ነው የሚመጣው።

አንደኛ፦ ውሉን አውጡና አንብቡት

ዘመኑ ሊያልቅ ሦስት ወር ገደማ ሲቀረው ጀምሩ። ውሉን ከሳጥን አውጡ። የውል ቁጥሩን፣ ስማችሁን፣ የልደት ቀናችሁን፣ ውሉ የሚያበቃበትን ቀንና የተጠቃሚውን ስም በአንድ ወረቀት ላይ ገልብጡ። አጻጻፉን እንዳታሻሽሉት። ስህተት ቢሆንም እንደተጻፈው ይገልበጥ።

ዕድሜያችሁ ያኔ በማስረጃ ተረጋግጦ እንደሆነም ተመልከቱ። አረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ በየጊዜው የሚከፈለው ገንዘብ፣ የተሰላው በዕድሜ ነው። ያኔ ማስረጃ ሳትሰጡ በቃል ብቻ ተናግራችሁ ከሆነ፣ ማስረጃው አሁን ይጠየቃል።

ከዚያ ወደ ድርጅቱ ሂዱና የሚፈልጉትን ዝርዝር በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል የተነገረ ዝርዝር በማግስቱ ሌላ ሰው መስኮቱ ጋ ሲቀመጥ ይለወጣል። በዚያው አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ዋናውን ይዤ ራሴ ብቀርብ እዚሁ አገናዝባችሁ ትቀበሉኛላችሁ ወይስ ሌላ ቦታ የተረጋገጠ ኮፒ ነው የምትፈልጉት?» ይህቺ ጥያቄ ብዙ የባጃጅ ሒሳብ ታድናለች። ባለ ውሉ ራሱ ከነዋናው ከቀረበ፣ የመስኮቱ ሠራተኛ ዋናውንና ኮፒውን አስተያይቶ ኮፒው ላይ ሊፈርም ይችላል። ያ ከሆነ ሌላ ማኅተም ፍለጋ አያስፈልግም።

ውሉ ራሱ የጠፋበት ሰውስ? ድሬ ውስጥ ይሄ ብርቅ አይደለም። በ1998 ክረምት የደቻቱ ጎርፍ የብዙ ቤት ሳጥን ይዞ ሄዷል፤ ሰውም ይዞ ሄዷል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ውሉ ከጠፋ ለድርጅቱ በማመልከቻ አሳውቁ። ምትክ ወይም የውል ማረጋገጫ ከመስጠታቸው በፊት የፖሊስ ማስረጃና የጋዜጣ ማስታወቂያ ሊጠይቁ ይችላሉ። ይሄ ጊዜ ይፈጃል፤ ከሁሉ ቀድሞ ይጀመር።

ሁለተኛ፦ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ደርድሩ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ከቤት ሳትወጡ፣ ቡና ተፈልቶ፣ መነጽር ተደርጎ የሚሠራ ነው። ውሉን፣ የቀበሌ መታወቂያውን፣ ፋይዳውን፣ ካለ ፓስፖርቱን፣ የባንክ ደብተሩንና የጡረታ መታወቂያውን ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። ስሙን ከነአባትና ከነአያት ፊደል በፊደል አስተያዩ።

መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የሀ ጉዳይ ነው። አንዱ በሃሌታው ሀ፣ ሌላው በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በብዙኃኑ ኀ። ሰና ሠ፣ ጸና ፀ፣ አና ዐም እንደዚያው። አንዳንዱ ሠራተኛ ይሄን እንደ ልዩነት አይቆጥረውም። አንዳንዱ ግን ይቆጥረዋል፤ የሚደርሳችሁ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ አይታወቅም።

የእኛ አገር ስም ደግሞ ሌላም ፈተና አለበት። መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ መሀመድ። አብዱራህማን፣ አብዱረህማን፣ አብዱልረህማን። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ይብሳል፤ አንዱ በኦ፣ አንዱ በዩ፣ አንዱ አንድ ኤም፣ አንዱ ሁለት ኤም። በኦሮምኛ ቁቤ የተጻፈ ወረቀት ያለው ደግሞ ይሄን ይወቅ፦ ጠ በቁቤ ኤክስ ነው፣ ጨ ሲ ነው። ያው ስም በፓስፖርት ላይ በቲና በሲኤች ይመጣል። አዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤት የተቀመጠ ሰው ሁለቱን ሲያይ ሁለት ሰው ቢመስለው አልፈርድበትም።

የአያት ስም መቅረትም አለ። የድሮ ውል ላይ የአባት ስም ድረስ ብቻ ተጽፎ ፋይዳ ላይ አያት ካለ፣ ይሄ ቀላል ነው። ብዙ ጊዜ በማመልከቻ ያልቃል።

አሁን ወደ ልደት ቀን። እኛን ያንገላታን ይሄ ነው።

እማዬ የተወለደችው ጥር 12 ቀን 1956 ነው። ውሉ ላይ «1956» ብቻ ተጽፏል። ዓ.ም የለ፣ እ.ኤ.አ የለ። ድርጅቱ መዝገቡን ወደ ኮምፒዩተር ሲያስገባ አንዱ 1956ን የፈረንጅ አድርጎ አስገባት። በአንድ ቀን ስምንት ዓመት አረጀች። መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ ስክሪኑን አየ፣ ፓስፖርቷን አየ፣ «እናቴ፣ እዚህ ላይ 1964 ነው የሚለው። ዕድሜ ቀንሰዋል እንዴ?» አላት።

«አቦ አንተ ልጅ፣ ዕድሜ ብቀንስ ለኢንሹራንስ ብዬ ነው?» አለችው። ቢሮው ሳቀ። ወረቀቱ ግን ተመለሰ።

የሒሳቡ ደንብ እንዲህ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ የፈረንጁ ዓመት ከእኛው በ7 ይበልጣል። ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜ በ8 ይበልጣል። ጥር 1956 ላይ 8 ስንጨምር 1964። በዓመቱ ፓስፖርቱም ትክክል ነው፣ ውሉም ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ኮምፒዩተሩ ነው።

ይሄን ስናስረዳ ደግሞ የአንድ ቀን ጣጣ ወጣ። ጥር 12 በአብዛኛው ዓመት ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል። ጳጉሜ 6 ከሆነች ግን ቀጣዩ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይገፋል። የ1955 ጳጉሜ 6 ነበረች። ስለዚህ የ1956 ጥር 12 ጃንዋሪ 21 ነው። የእማዬ ፓስፖርት 20 ይላል። ሲያወጣላት የነበረው ሰው በጣቱ ቆጥሮ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያለ የአንድ ቀን ልዩነት ካገኛችሁ አትደንግጡ። ሁለቱን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ከሚያሳየው የፋይዳ ካርዳችሁ ጋር አስተያዩት። ካስፈለገም በማመልከቻው ላይ ምክንያቱን በሁለት መስመር ጻፉ።

ሦስተኛ፦ ልዩነቱን ማስተካከል

የትኛው ወረቀት ይስተካከል? የተሳሳተው። ይሄ የታወቀ ነገር ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው የሚሠራው በተቃራኒው ነው። አንድ ጎረቤታችን የቀበሌ መታወቂያቸውን ከተሳሳተው ውል ጋር እንዲስማማ ብለው አስቀየሩት። ኢንሹራንሱ እሺ አለ። ቀጥሎ ባንኩ እምቢ አለ፣ ከባንኩ ቀጥሎ ደግሞ ጡረታው። አሁን ሁሉንም ወደ ነበረበት እየመለሱ ነው። ትክክለኛ መታወቂያችሁን ከስህተት ጋር አታስማሙ። ስህተቱ የድርጅቱ ከሆነ ድርጅቱ ያርም፤ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ማመልከቻችሁ ገቢ የተደረገበትን ቁጥርና ቀን ያዙ።

ዕድሜን ለማስረዳት የቆየ ወረቀት ከአዲስ ወረቀት ይበልጣል። ትናንት የወጣ የልደት ምስክር ወረቀት ጥሩ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ማብቂያ ስለሆነ፣ የትልልቅ ሰዎች የልደት ወረቀት በአብዛኛው አዲስ ነው። ስለዚህ ከጎኑ ከኢንሹራንሱ በፊት የተጻፈ ነገር ቢኖር ክርክሩ ያልቃል። የትምህርት ማስረጃ፣ የክርስትና ወረቀት፣ የድሮ ፓስፖርት። የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ደግሞ ሲቀጠር የሞላው የሕይወት ታሪክ ቅጽ አለው። እኛን ያዳነን ያ ቅጽ ነው። እማዬ ካስተማረችበት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ወጣ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ጽሑፉ የእጇ ነው፣ «ጥር 12 ቀን 1956 ዓ.ም» ይላል። ዓ.ም የምትለዋ እዚያ ላይ ነበረች። ኮፒ አድርገው ማኅተም መቱልን፤ ከልደት ወረቀቱ ጋር አያያዝነው። ድርጅቱ በሳምንቱ መዝገቡን አረመ።

ፋይዳ ያላወጣ ሰው አሁን ያውጣ። ምዝገባው ነፃ ነው። የአሥሩን ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና ፎቶ ይወስዳሉ። ባለ 12 አኃዙ ቁጥር ይሰጣችኋል። በእጃቸው ሥራ የጣት አሻራቸው የጠፋ አዛውንቶች አይስጉ፤ ዓይኑም አለ። ስትመዘገቡ ስማችሁ በአማርኛም በላቲንም እንዴት እንደተጻፈ ስክሪኑ ላይ ሳታነቡ አትነሱ። ልጁ ሲቸኩል እናንተ አትቸኩሉ።

ስሙ ጨርሶ ሌላ ከሆነ፣ ለምሳሌ በቤት ስም ውል ገብታችሁ መታወቂያው በሌላ ስም ከሆነ፣ በማመልከቻ አያልቅም። ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ፍርድ ቤት እንዲወስን ማመልከት ነው። ምስክር ያስፈልጋል፤ ከእናንተ የሚበልጡ፣ ከልጅነት የሚያውቋችሁ ይሁኑ።

አራተኛ፦ ኮፒና ማኅተም

አሁን ነው ኮፒ ቤት የሚኬደው። የመታወቂያው ፊትና ጀርባ በአንድ ገጽ ላይ ይውጣ። ኮፒውን ሳትከፍሉ በፊት እዩት፤ ቀለሙ የከበደ ማሽን ፊታችሁን ከሰል ያስመስለዋል። ፊት የማይታይበት ኮፒ ቢታተምበትም ይመለሳል። የልደት ወረቀትና የድሮ ማስረጃ ደግሞ ላሚኔት አታስደርጉ። ለጥንቃቄ ብለው የሚያደርጉት ብዙ ናቸው፤ ግን ማኅተሙን በእጅ ዳስሶ፣ በጀርባ አይቶ ማመሳከር አይቻልም። የባንክ ማሽን የሚያወጣቸው ስስ ደረሰኞችም በእኛ ሙቀት ጽሑፋቸው ይጠፋል። የአረቦን ክፍያ ደረሰኝ በእነሱ ላይ ካላችሁ ዛሬውኑ ኮፒ አድርጉ።

የተረጋገጠ ኮፒ የሚባለው ምን ያለው ነው? «ከዋናው ጋር ተገናዝቧል» የሚል ጽሑፍ፣ ቀን፣ ፊርማ፣ የፈራሚው ስምና ኃላፊነት የያዘ ቲተር፣ ክብ ማኅተም። አንዱ ከጎደለ እዚያው ቆማችሁ አስሞሉ። በተለይ ቲተር ይረሳል። ማኅተሙ ፎቶና ቁጥር ላይ እንዳያርፍ በትሕትና ጠይቁ። ወረቀቱ ከአንድ ገጽ በላይ ከሆነ በየገጹ ይመታ።

ማን ያረጋግጣል? ድርጅቱ ራሱ ካላገናዘበላችሁ፣ ወረቀቱን የሰጠው አካል ያረጋግጣል። የቀበሌውን ቀበሌው፣ የትምህርቱን ትምህርት ቤቱ። ከዚያ ወዲያ ያለው ውልና ማስረጃ ነው። መሥሪያ ቤቱ ስሙ ስንት ጊዜ ተለውጧል፤ አሁን የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ነው። ለባጃጅ ግን «ውልና ማስረጃ» በሉት። ሥራውን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 922/2008 ነው። ድሬዳዋ እንደ አዲስ አበባ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ ስለሆነች አገልግሎቱን እዚህ የሚሰጠው ፌዴራሉ ነው። ስትሄዱ ዋናውን ያዙ። ኮፒውን ከኮፒ ጋር ማንም አያመሳክርላችሁም።

ጠዋት 2፡30 ላይ በሩ ላይ ተገኙ። ሙቀቱም ሰልፉም ሳይጀምር ነው። ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ቢሮ እንደሚዘጋ አትርሱ። ከሰዓት በኋላ ስለመሄድ ምንም አልልም፤ የድሬ ሰው የድሬን ከሰዓት ያውቃል። በር ላይ «ቶሎ ላስጨርስልህ» የሚል ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ሻይ እንኳ አትጠጡለት። ሐሰተኛ ማኅተም ያረፈበት አንድ ወረቀት ፋይሉን በሙሉ ጥርጣሬ ውስጥ ይከተዋል።

ባለ ውሉ መሄድ ካልቻለ

ውክልና ያስፈልጋል። ውክልናው ላይ የውል ቁጥሩ ይጻፍ። «ከመድን ድርጅቱ ክፍያ እንዲጠይቅልኝ፣ ቅጽ እንዲፈርምልኝ፣ ገንዘብ እንዲቀበልልኝ» የሚል በግልጽ ይግባ። በጥቅሉ «ጉዳዬን ሁሉ» የሚል ውክልና ይዞ መስኮት ጋ መከራከር ትርፉ ድካም ነው። ወካዩ ጅቡቲ ወይም ጅዳ ከሆነ እዚያ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይወክላል። ወረቀቱ አገር ቤት ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፤ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይገባል። በስልክ ፎቶ የተላከ ውክልና አይሠራም፤ ዋናው ወረቀት በሰው እጅ ወይም በፖስታ ይምጣ።

የታመመ ወይም እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ፊርማው ከ20 ዓመት በፊት እንደነበረው አይመጣም። ይሄን ለድርጅቱ አስቀድሞ መንገር ነው። በአውራ ጣት እንዲያትም ሊያደርጉት ይችላሉ።

ሐረር ላላችሁ

ሰነድ የሚረጋገጠው በክልሉ ፍትሕ ቢሮ በኩል ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሐረሪና ኦሮምኛ ስለሆነ ወረቀታችሁ በአማርኛ ላይሆን ይችላል። ድርጅቱ ትርጉም ይፈልግ እንደሆነ በዚያች የመጀመሪያ ቀን ጠይቁ። ካስፈለገ ፈቃድ ያለው ትርጉም ቤት ይተርጉመው፤ ትርጉሙና ዋናው አብረው ይቅረቡ። ተርጓሚው ስማችሁን በራሱ ፊደል እንዳይጽፈው፣ ውሉ ላይ ያለውን አጻጻፍ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። ከጀጎል ተነስቶ፣ ደንገጎን ወርዶ፣ ድሬ ደርሶ በአንዲት ፊደል ምክንያት መመለስ ያሳዝናል።

አምስተኛ፦ ማስገባትና መፈረም

ሁሉንም በአንድ ፋይል አስገቡ፦ ማመልከቻ፣ ዋናው ውል፣ የተረጋገጡ ኮፒዎች፣ የመጨረሻው የአረቦን ደረሰኝ፣ ጉርድ ፎቶ፣ በራሳችሁ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ ቁጥር። የባንኩ ስም ከፋይዳው ጋር አንድ ይሁን። ዋናውን ውል ስታስረክቡ የተረከቡበትን ማስረጃ ሳትይዙ አትውጡ። ለራሳችሁ ደግሞ የሁሉንም ኮፒ አስቀሩ፤ በስልክም ፎቶ አንሱ።

ከዚያ የክፍያ መቀበያ ቅጽ ይመጣል። «ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ነው። የብሩ መጠን ባዶ ከሆነ አትፈርሙ። ከተጻፈ ደግሞ ስሌቱን በጽሑፍ ጠይቁ። በውሉ ላይ የተበደራችሁት ካለ ከነወለዱ ይቀነሳል፤ ያልተከፈለ አረቦንም እንዲሁ። ትርፍ የሚካፈል ውል ከሆነ ቦነሱ መደመሩን እዩ። እማዬ በ2003 ትንሽ ብር ተበድራ ነበር፤ እኛ ረስተነዋል፣ እነሱ አልረሱም።

ነገሩን ለከርሞ አታሳድሩት። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ከመድን ውል ለሚነሳ ጥያቄ የሰጠው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። ልጆች ውጭ ናቸው፣ ሲመጡ እናያለን እየተባለ የሚቀመጥ ውል በየቤቱ አለ።

እኛ በሦስተኛው ወር ማብቂያ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቀፊራ ገበያ ቲማቲም እየመረጥን ሳለ የባንኩ መልእክት መጣ። እማዬ መነጽሯን አወጣች። ከብሩ በፊት ስሟን ነው ያነበበችው፣ ፊደል በፊደል።

«ልክ ነው» አለች።